ጥቁር ዱቄት ሁሉ ፔሮቭስካይት አይደለም፦ ላንታነም ኮባልታይትን መሥራትና መመርመር

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ንግግር ስለ ፔሮቭስካይት ኦክሳይድ ካታሊስቶች፣ ማለትም ራሳቸው ሳያልቁ የኬሚካል ለውጥን ስለሚያፋጥኑ ኦክሳይዶች ነው። ብዙዎቹን ከመዘርዘር አንዱን ይዞ ከሚዛን እስከ ሪአክተር መከተል የበለጠ ያስተምራል፤ ስለዚህ የምናየው ላንታነም ኮባልታይትን፣ ማለትም በቀመሩ አንድ ላንታነም፣ አንድ ኮባልትና ሦስት ኦክስጅን ያለበትን ኦክሳይድ ነው። ፔሮቭስካይት ሲባል የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ስስ ንጣፍ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ እሱ እርሳስና አዮዲን ያለበት፣ እርጥበትን የማይችል ሌላ ቤተሰብ ነው። ከእኛው ጋር የሚያገናኘው የአተሞቹ አደራደር ብቻ ነው። የእኛው 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ተቃጥሎ የሚወጣ ኦክሳይድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ስለ ሙቀት ዲግሪ ስል ሁልጊዜ ሴንቲግሬድ ማለቴ ነው።

የአደራደሩ መነሻ ካልሲየም ታይታኔት የተባለ ማዕድን ነው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ሮዘ እ.ኤ.አ. በ1839 ከኡራል ተራሮች በመጣ ናሙና ላይ ለይቶት በሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ ስም ጠራው። ትንሹ ሜታል በስድስት ኦክስጅን ተከቦ ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ትልቁ ሜታል ደግሞ በእነዚህ ስምንት ገጽ ያላቸው ቅርጾች መካከል የሚተርፈውን ሰፊ ክፍተት ይሞላል። ይግጠም አይግጠም የሚለውን ለመገመት ኬሚስቱ ጎልድሽሚት እ.ኤ.አ. በ1926 ያቀረበው ስሌት ዛሬም ይሠራል። ላንታነም 1.36፣ ኦክስጅን 1.40፣ ኮባልት 0.545 አንግስትሮም ራዲየስ አላቸው። የላንታነምና የኦክስጅን ድምር 2.76 ነው። የኮባልትና የኦክስጅን ድምር 1.945 ሲሆን በ2 ካሬ ሥር ሲባዛ 2.75 ይሆናል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 1.00 እናገኛለን፤ ይገጥማል ማለት ነው። በኮባልት ቦታ 0.645 አንግስትሮም የሆነውን ማንጋኒዝ ብናስገባ ቁጥሩ 0.95 ይሆናል፤ አሁንም ይገጥማል፣ ግን ስምንት ገጾቹ የበለጠ ይዘነብላሉ።

ላንታነሙ በአብዛኛው ቅርጹን ያስጠብቃል፤ ኬሚስትሪውን የሚሠራው ኮባልቱ ነው። ከላንታነሙ ጥቂቱን በስትሮንሺየም ብንተካ የቻርጅ ጉድለቱን ለመሙላት ኮባልቱ ወደ ከፍተኛ ቻርጅ ይወጣል፣ ወይም ኦክስጅን ይጎድላል። ካታሊስቱን እንደፈለግን እንድናስተካክል የሚያደርገን ይህ ነፃነት ነው። ኬሚስቱ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1971 ላንታነም ኮባልታይትን ለመኪና ጭስ ማጽጃ ያቀረበው ከፕላቲነም ዋጋ ለመሸሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ስትሮንሺየም የገባበት ላንታነም ኮባልታይት በዲዝል ጭስ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድን በማቃጠል ከፕላቲነም ጋር እንደሚወዳደር አሳዩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ላንታነም ኮባልታይት ጥቁር ዱቄት ነው። ሦስት ኮባልት ለአራት ኦክስጅን የሆነው ስፒኔል ኮባልት ኦክሳይድም ጥቁር ዱቄት ነው። ይባስ ብሎ ስፒኔሉ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድን በማቃጠል ከታወቁት ኦክሳይዶች አንዱ ነው። ስለዚህ ናሙናችሁ ውስጥ ጥቂት ስፒኔል ከተደበቀ፣ ሥራውን የሚሠራው እሱ ሆኖ ምስጋናውን ፔሮቭስካይቱ ሊወስድ ይችላል። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ይህ እንዳይሆን ለመከላከል፣ ከሆነም ለመያዝ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሚዛን ላይ ነው። ላንታነም ናይትሬት ሄክሳሃይድሬት ከአየር እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የከረመ ጠርሙስ፣ በተለይ በክረምት፣ ከተጻፈበት ስድስት ውሃ በላይ ይዞ ይገኛል። ከክብደቱ 5 በመቶው ትርፍ ውሃ ነው እንበል። ያን ያህል ላንታነም ጎድሎ ተመዘነ ማለት ነው፤ ስለዚህ 5 በመቶው ኮባልት ጓደኛ አጥቶ ወደ ስፒኔል ይሄዳል። በክብደት ሲሰላ ከመጨረሻው ዱቄት 1.7 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኤክስሬይ ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

መፍትሔው ርካሽ ነው። 1.000 ግራም ያህል ናይትሬቱን ክብደቱ በታወቀ ክሩሲብል ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አሙቁና 900 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆዩት። የሚቀረው ላንታነም ኦክሳይድ ነው። ትክክለኛ ሄክሳሃይድሬት ከሆነ ከ1.000 ግራም 0.376 ግራም ይተርፋል። 0.357 ካገኛችሁ 5 በመቶ ጎድሏል። ላንታነም ኦክሳይድ ራሱ ከአየር ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፍጥነት ስለሚይዝ፣ ከፈርነሱ እንደወጣ ዴሲኬተር፣ ማለትም እርጥበት የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይግባ፤ በረድ እንዳለም ወዲያው ይመዘን። ሚዛን ላይ እያያችሁት ቁጥሩ ወደ ላይ ከሄደ ዘግይታችኋል፤ መልሳችሁ አሙቁት። ለኮባልት ናይትሬቱም እንዲሁ ነው፤ 700 ዲግሪ ላይ ከ1.000 ግራም ሄክሳሃይድሬት 0.276 ግራም ስፒኔል ይቀራል። ላንታነሙን በኢዲቲኤ ቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ እያንጠባጠቡ በመቁጠር)፣ በሄክሳሚን በፈር ፒኤች 5 እና 6 መካከል አድርጎ፣ በዛይለኖል ኦሬንጅ መለካትም ይቻላል። ይህን ሳይሠሩ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድን በፍጹም አልመክርም።

የላንታነምና የኮባልት ኦክሳይዶችን በሙቀጫ ፈጭቶ ማቃጠል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አተሞቹ በጠጣር ውስጥ ተጉዘው እንዲገናኙ 1000 ዲግሪ አካባቢና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ የሚወጣውም ዱቄት የገጽ ስፋቱ ብዙ ጊዜ በግራም ከ2 ካሬ ሜትር አያልፍም። ሲትሪክ አሲድ የሚጠቀመው የሲትሬት መንገድ ሁለቱን ሜታሎች ገና ውሃ ውስጥ ሳሉ ያደባልቃቸዋል፤ ስለዚህ 600 ዲግሪ ላይ ፔሮቭስካይቱ መታየት ይጀምራል።

ለ5 ግራም ምርት 8.81 ግራም ላንታነም ናይትሬት ሄክሳሃይድሬት፣ 5.92 ግራም ኮባልት ናይትሬት ሄክሳሃይድሬትና 9.40 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሞኖሃይድሬት ያስፈልጋል። ሁለቱ ናይትሬቶች ከላይ ባገኛችሁት ልኬት ይታረማሉ። ሲትሪክ አሲዱ በሞል ከሁለቱ ሜታሎች ድምር 10 በመቶ ይበልጣል። ጠርሙሱ ላይ ውሃ አልባ የሚል ከተጻፈ ክብደቱ ወደ 8.60 ግራም ይወርዳል። ኮባልት ናይትሬት መርዛማና ለካንሰር የሚያጋልጥ ነው፤ ጓንት ይደረግ፣ ዱቄቱም አየር ላይ አይበተን።

ናይትሬቶቹን በ100 ሚሊሊትር ዲአዮናይዝድ ውሃ አሟሙና ሲትሪክ አሲዱን ጨምሩ። በማግኔቲክ ስተረር እያማሰላችሁ ፈሳሹን 80 ዲግሪ ላይ አትንኑት። የምትቆጣጠሩት የፈሳሹን ሙቀት እንጂ ሆት ፕሌቱ ላይ የሚነበበውን ቁጥር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ከባሕር ጠለል አጠገብ የተጻፈን መመሪያ እንዳለ ወስዶ 95 ዲግሪ ማለት ማፍላት ነው። ግድግዳው ላይ እየደረቀ የሚጣበቀውን በጥቂት ውሃ ወደ ታች እያጠባችሁ መልሱት፤ እዚያ የደረቀ ጨው ከድብልቁ ተለይቶ ይቀራል። ሮዝማ የነበረው ፈሳሽ እየጠቆረና እየወፈረ ሄዶ ማር የመሰለ ጄል ይሆናል፤ ማማሰያው መዞር ሲያቅተው ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት አደገኛው ነው። ጄሉ ኦቨን ውስጥ 110 ዲግሪ ላይ ሲያድር እንደ ተቦካ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ለ5 ግራም ምርት የ1 ሊትር ቢከር ብትጠቀሙ አይበዛም። ቡናማ ጋዝ ይወጣል፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነውና ኦቨኑ ጭስ መሳቢያ ያለው ይሁን። ናይትሬቱ ኦክሲዳይዘር፣ ሲትሬቱ ነዳጅ መሆኑን አትርሱ። ቶሎ እንዲያልቅ ብላችሁ ሙቀቱን ወደ 200 ዲግሪ ብትገፉት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ፍሙ ዱቄቱን ያጣብቀዋል፣ የገጽ ስፋቱን ይቀንሰዋል፣ አመዱንም ይበትነዋል። ፒኤቹን ለማስተካከል አሞኒያ የሚጨምሩ መመሪያዎች አሉ፤ ያን ጊዜ ጄሉ ውስጥ አሞኒየም ናይትሬት ስለሚፈጠር ቃጠሎው ይብሳል። ለዚህ ውህድ አሞኒያው አያስፈልግም።

የደረቀውን ስፖንጅ በአጌት ሙቀጫ ፈጭታችሁ በአሉሚና ክሩሲብል ከ1 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት አንጥፉት። በደቂቃ 1 ዲግሪ እየጨመራችሁ 400 ዲግሪ አድርሱና 2 ሰዓት አቆዩት። ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ፈጭታችሁ በደቂቃ 5 ዲግሪ ወደ 700 ዲግሪ አውጡትና 5 ሰዓት አቆዩት። ውፍረቱን ያጠበቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቦኑ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወፍራም ክምር ውስጥ ከታፈነ ላንታነሙ ይይዘውና ላንታነም ኦክሲካርቦኔት ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ኮባልቱ ብቻውን ቀርቶ ስፒኔል ይሆናል። ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ስፒኔል የሚገኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የፈርነሱ ቀዳዳ ይከፈት፤ ቢቻል ቀስ ያለ የአየር ፍሰት ይግባበት። በኢንፍራሬድ ስታዩት በሴንቲሜትር 1470 እና 860 ሞገድ አካባቢ የካርቦኔት ባንዶች ካሉ ቃጠሎው አላለቀም። ስትሮንሺየም ካለበት ነገሩ ይከብዳል፤ ስትሮንሺየም ካርቦኔት አንዴ ከተፈጠረ 700 ዲግሪ አያፈርሰውም።

አሁን ኤክስአርዲ፣ ማለትም ኤክስሬይ በክሪስታል ላይ የሚታጠፍበትን አንግል (ሁለት ቴታ) የሚለካው ዘዴ። በኮፐር ቱቦ ላንታነም ኮባልታይት 23.2፣ 32.9 እና 33.3፣ 40.6፣ 47.5 ዲግሪ ሁለት ቴታ ላይ መስመር ይሰጣል። 33 አካባቢ ያለው ጥንድ ጫፍ (ፒክ) ሮምቦሄድራል፣ ማለትም በጥቂቱ የተዛባ ኪዩብ መሆኑን ይናገራል፤ ክሪስታሎቹ ትናንሽ ከሆኑ ግን ጥንዱ ተዋህዶ አንድ ወፍራም ጫፍ ይመስላል። ስፒኔሉን የምትፈልጉት 36.9 ላይ ነው፤ ከዚያ 31.3 ላይ። እዚህ ያዙልኝ ያልኳችሁ 1.7 በመቶ ይመጣል። የኮፐር ጨረር ኮባልትን ስለሚያበራው ከጫፎቹ ሥር ያለው የጀርባ ምልክት ከፍ ይላል፤ 1.7 በመቶ ስፒኔል እዚያ ውስጥ በቀላሉ ይሰምጣል። ሞኖክሮሜተር ወይም ኃይል የሚለይ ዲቴክተር ካለ ተጠቀሙበት፤ የኮባልት ቱቦ ካለ ከሁሉ ይሻላል። ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ያለውን ክልል ለብቻው፣ በትናንሽ እርምጃና ረጅም ቆጠራ ድገሙት። «ንጹሕ ፔሮቭስካይት ሆኗል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ባይጻፍ እመርጣለሁ። ያም ሆኖ ኤክስአርዲ ክሪስታል ያልሆነ ኮባልት ኦክሳይድን አያይም።

የክሪስታል መጠኑን ከጫፍ ስፋት በሚያወጣው በሼረር ስሌት ስትሠሩ 33 ላይ ያለውን ጥንድ አትጠቀሙ፤ የሁለት ጫፎችን ስፋት እንደ አንድ ቆጥራችሁ ክሪስታሉን ታሳንሱታላችሁ። ነጠላ የሆነውን 47.5 ውሰዱ። የመሣሪያው ድርሻ ከተቀነሰ በኋላ ስፋቱ 0.40 ዲግሪ ከሆነ መጠኑ 22 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል።

ይህን ቁጥር ከቢኢቲ፣ ማለትም ገጹ ላይ የሚያርፈውን ናይትሮጅን በመቁጠር የገጽ ስፋትን ከሚለካው ዘዴ ጋር አገናኙት። ዱቄቱ በግራም 15 ካሬ ሜትር ገጽ አለው እንበል። ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.3 ግራም ነውና 6ን ለጥግግቱና ለገጽ ስፋቱ ብዜት ስናካፍል 55 ናኖሜትር ይወጣል። ኤክስሬዩ 22፣ ቢኢቲው 55 ይላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። 22 ናኖሜትር የሆኑት ክሪስታሎች ጎን ለጎን ተጣብቀዋል፤ በተጣበቁበት በኩል ያለው ገጽ ለናይትሮጅን አይደረስም፣ ለካርቦን ሞኖክሳይድም አይደረስም። የማቃጠያው ሙቀት ከፍ ሲል ቀድሞ የሚታየው የዚህ መጣበቅ መጨመር ነው።

ቢኢቲ ላይ ለእኛ ከፍታ የተለየ ጥንቃቄ አለ። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 77 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ወደ 575 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅኑ ክፍት ዕቃ ውስጥ ስለሚፈላ የሙሌት ግፊቱም፣ ማለትም ናይትሮጅኑ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ግፊት፣ ያንኑ ያህል ይሆናል። ሶፍትዌሩ ውስጥ 760 የሚል ቋሚ ቁጥር ከቀረ አንጻራዊ ግፊቶቹ ሁሉ በሩብ ያህል ይሳሳታሉ። የሙሌት ግፊቱ በእያንዳንዱ ልኬት ይለካ። ናሙናው ከ0.5 ግራም አይነስ፤ እንዲህ ያለ አነስተኛ ገጽ ያለው ዱቄት በ50 ሚሊግራም ሲለካ ቁጥሩ የመሣሪያው ስሕተት ነው።

ቲፒአር፣ ማለትም ሙቀት እየጨመሩ ኦክስጅኑን በሃይድሮጅን መንጠቅ፣ ኮባልቱ የት እንዳለ ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ ባለ ሦስት ቻርጁ ኮባልት ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ሜታል ኮባልት፣ ላንታነሙም ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ከፊተኛው ሁለት እጥፍ ሃይድሮጅን ይበላል፤ ድምሩ በግራም 6.10 ሚሊሞል ነው። 30 ሚሊግራም ናሙና፣ በአርጎን ውስጥ 5 በመቶ ሃይድሮጅን፣ በደቂቃ 50 ሚሊሊትርና በደቂቃ 10 ዲግሪ ይስማማል። 100 ሚሊግራም ከጨመራችሁ ሃይድሮጅኑ በመሐል ያልቃል፤ ጫፎቹም ወደ ከፍተኛ ሙቀት ሸሽተው ይዋሃዳሉ፤ ከሌላ ሰው ውጤት ጋር ማነጻጸርም አይቻልም። ከዲቴክተሩ በፊት የውሃ ማጥመጃ ይኑር። ስፒኔሉ ግን ከፔሮቭስካይቱ ጋር በተቀራረበ የሙቀት ክልል ኦክስጅኑን ስለሚነጠቅ፣ 1.7 በመቶ ሲሆን ከዋናው ጫፍ ጎን ካለ ትንሽ እብጠት ያለፈ ምልክት አይሰጥም። የተበተነ የሌዘር ብርሃንን የሚያነበው ራማን ይሻላል፤ የስፒኔሉ ጠንካራ ባንድ በሴንቲሜትር 690 ሞገድ አካባቢ ነው። ሌዘሩን ዝቅ አድርጉ፣ አለበለዚያ ሙቀቱ ራሱ ናሙናውን ይለውጠዋል።

ትልቅ መሣሪያ የሌለው ላቦራቶሪ አዮዶሜትሪን፣ ማለትም ኮባልቱ የሚያወጣውን አዮዲን በቲትሬሽን መቁጠርን አይናቅ። 50.0 ሚሊግራም የደረቀ ዱቄትና 1 ግራም ያህል ፖታሲየም አዮዳይድ ፍላስክ ውስጥ አድርጋችሁ አየሩን በናይትሮጅን አስወጡ፤ ከዚያ 2 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሩ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ አዮዳይዱ ሳይኖር አሲዱ ከገባ ኮባልቱ ክሎሪን ጋዝ ያወጣና ልኬቱ አብሮት ይሄዳል። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ በ0.0200 ሞላር ቲዮሰልፌት ቲትሬት አድርጉ፤ ስታርቹ ወደ መጨረሻ ይጨመር። ኦክስጅኑ ሙሉ ከሆነ 10.17 ሚሊሊትር ይፈጃል። 9.90 ካገኛችሁ በቀመሩ ከ3 ኦክስጅን 0.013 ይጎድላል ማለት ነው። ከ10.17 በላይ ከሄደ መጀመሪያ አየር ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ አየር በአሲድ ውስጥ አዮዳይዱን ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል። ያለ ናሙና የተሠራው ቲትሬሽን ንጹሕ ሆኖ ሳለ 10.35 አካባቢ ደጋግሞ ከመጣ፣ ያ በትክክል 1.7 በመቶ ስፒኔል የሚሰጠው ቁጥር ነው። የኦክስጅን ጉድለት ወደ ታች፣ ስፒኔል ወደ ላይ ስለሚጎትቱ አንዱ ሌላውን ሊሰርዝ ይችላል፤ ስለዚህ ይህም ብቻውን አይበቃም።

ኤክስፒኤስ፣ ማለትም ኤክስሬይ ከገጹ የሚያስወጣቸውን ኤሌክትሮኖች የሚለካው ዘዴ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ደጋግሞ ስለሚያጋጥም። የኦክስጅኑ ስፔክትረም 529 ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ የክሪስታሉን ኦክስጅን፣ 531 አካባቢ ሌላ ጫፍ ያሳያል። ይህን ሁለተኛውን «የኦክስጅን ክፍተት»፣ ማለትም ኦክስጅን የጎደለበት ቦታ ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗል። አየር ላይ በቆየ የላንታነም ውህድ ገጽ ላይ ግን ሃይድሮክሳይድና ካርቦኔት የሚታዩት እዚያው ነው። በካርቦኑ ስፔክትረም 289 ላይ ጫፍ ካለ ካርቦኔቱ አለ ማለት ነው። ክፍተት የሚቆጠረው በቲትሬሽን ወይም በክብደት ነው።

ወደ ሪአክተሩ እንሂድ፤ ካታሊስቱን የምንፈትነው ካርቦን ሞኖክሳይድን በማቃጠል ነው። ዱቄቱን ተጭናችሁ፣ ሰባብራችሁ፣ ከ180 እስከ 250 ማይክሮሜትር ያለውን በወንፊት ለዩ። 100 ሚሊግራሙን ከ400 ሚሊግራም ኳርትዝ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። አሸዋው የሚያስፈልገው 1 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል፣ ሙቀት ካልወጣ፣ ጋዙን ወደ 90 ዲግሪ ስለሚያሞቀው ነው፤ የሙቀት መለኪያው ቴርሞካፕልም ድብልቁ ውስጥ ይቀመጥ። የጋዙ ማንቂያ ደወል ሳይኖር ሲሊንደሩ አይከፈት፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ፍሰቱን በሳሙና አረፋ ከለካችሁት እዚህም ከፍታው ይመጣል፦ አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ የተለካ 100 ሚሊሊትር በስታንዳርድ ሁኔታ 71 ሚሊሊትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሳያርሙ ከሌላ አገር ውጤት ጋር ማነጻጸር ካታሊስቱን ያለ አግባብ ማሞገስ ነው።

በመጀመሪያ በኦክስጅን ፍሰት 400 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት አጽዱት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ሙከራ የገጹን ካርቦኔት ታሪክ ይነግራችኋል። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ግማሽ የሚቃጠልበት ሙቀት ለማስተዋወቅ ይጠቅማል፣ ለማነጻጸር ግን ደካማ ነው። ከ10 በመቶ በማይበልጥ ለውጥ (የተቃጠለው ጋዝ ድርሻ) ላይ ፍጥነቱን አስሉ። በስታንዳርድ ሁኔታ 100 ሚሊሊትር በደቂቃ፣ 1 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድና 10 በመቶ ለውጥ ከሆነ፣ በግራም በሰከንድ 0.74 ማይክሮሞል ይመጣል፤ ለ15 ካሬ ሜትር ሲካፈል 0.050 ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሰከንድ።

ይህን ቁጥር ለሦስት ናሙናዎች አውጡት። ሁለቱ ሆን ተብሎ የተዛቡ ይሁኑ፦ አንዱ ላንታነሙ 8.37 ግራም፣ ሌላው 9.25 ግራም፣ የቀረው ሁሉ እንደነበረ። ላንታነም የጎደለው ናሙና በካሬ ሜትር ጎልቶ ከበለጠ፣ ትርፉን ያመጣው ስፒኔሉ ሳይሆን አይቀርም፤ መካከለኛው ናሙናችሁም ወደ እሱ ከተጠጋ ወደ ሚዛኑ ተመለሱ። ላንታነም የበዛበት ናሙና ደግሞ አየር ላይ ሲቆይ ትርፉ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ በኤክስአርዲ 28 ዲግሪ ሁለት ቴታ አካባቢ ይታያል፤ ስለዚህ ሦስቱም በተሠሩበት ሳምንት፣ በተመሳሳይ ቀን ይለኩ።